“ማሻሻያው ተጠናቋል” ከተባለ በኋላ የሚጎድሉ ፋይሎች፦ መንስኤው፣ መፍትሔውና የተገልጋዩ ጥንቃቄ

የዊንዶውስ 10 ኦፐሬቲንግ ሲስተም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከሐምሌ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው ዓለም በግለሰቦች፣ በንግድ ድርጅቶችና በመንግሥት ተቋማት ኮምፒውተሮች ላይ ሲሠራ የቆየው ይህ ሲስተም ከተጠቀሰው ቀን ወዲህ ነጻ የደህንነት ማዘመኛ በመደበኛነት አያገኝም። አምራቹ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት ማዘመኛ መርሐ ግብር ይፋ ቢያደርግም፣ መርሐ ግብሩ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሽግግሩን አያስቀርም። በመሆኑም በርካታ ተጠቃሚዎች ወደ ዊንዶውስ 11 በመሸጋገር ላይ ሲሆኑ፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሂሳብ፣ የጽሕፈት፣ የሕትመትና ሌሎች ፕሮግራሞችም አብረው እየተሻሻሉ ይገኛሉ።

ከዚህ ሽግግር ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ የሚነሳ ቅሬታ አለ። የመጫኛው ፕሮግራም “ማሻሻያው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል” የሚል መልእክት ካሳየ በኋላ ፕሮግራሙ አልከፈት ይላል፤ ወይም አንድ ፋይል አለመገኘቱን የሚገልጽ መልእክት ያሳያል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ተጠቃሚው የራሱን ሰነዶች ካስቀመጠበት ቦታ ማጣቱ ነው። ይህ ትንታኔ ችግሩ ለምን እንደሚፈጠር፣ ከዚህ ቀደም ከተከሰቱ ጉዳዮች ምን ትምህርት እንደሚገኝ፣ ተገልጋዩም ራሱን እንዴት መጠበቅ እንደሚችል ያብራራል።

ጉዳዩ ተገልጋዩን ለምን ይመለከተዋል?

ቀደም ባሉት ዓመታት በኮምፒውተር ላይ የሚገኝ ፋይል በአብዛኛው የወረቀት ሰነድ ግልባጭ ነበር። ፋይሉ ቢጠፋ ዋናው በማኅደር ውስጥ ይገኛል። ይህ ሁኔታ ተለውጧል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በርካታ አገልግሎቶች በኢንተርኔት መሰጠት ጀምረዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ዛሬ የክፍያ ማረጋገጫ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት ማስረጃ፣ የውል ረቂቅ፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂና የግብር ማስታወቂያ መነሻ የሆነው የሂሳብ መዝገብ በቅድሚያ የሚገኙት በፋይል መልክ ነው። በአጭሩ ፋይሉ የሰነድ ግልባጭ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሰነድ ሆኗል።

ስለዚህ የግብር ማሳወቂያ ጊዜ በተቃረበበት ሳምንት የሂሳብ ፕሮግራሙ ተሻሽሎ አልከፈት ያለው ነጋዴ፣ ወይም የማመልከቻ ቀነ ገደብ በደረሰበት ዕለት ሰነዶቹን ያጣ ሥራ ፈላጊ የሚገጥመው ችግር ከቴክኒክ እክል ያለፈ ነው። ቅጣት ሊያስከትልበት ወይም ዕድል ሊያሳጣው ይችላል።

በቅድሚያ መለየት ያለባቸው ሁለት ጉድለቶች

“ፋይል ጠፋ” የሚለው ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድነት ይይዛል። የመጀመሪያው የፕሮግራሙ አካል የሆነ ፋይል መጉደል ነው። ይህ ዓይነቱ ፋይል በአምራቹ የተዘጋጀና በመጫኛው ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ መልሶ መተካት ይቻላል። ሁለተኛው የተጠቃሚው ሰነድ መጥፋት ነው። ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የሂሳብ መዝገብና የመሳሰሉት በማንም መጫኛ ውስጥ አይገኙም፤ መጠባበቂያ ቅጂ ከሌላቸው የሚተካቸው የለም።

ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። ለመጀመሪያው ጉድለት ፕሮግራሙን መጠገን ወይም እንደገና መጫን ትክክለኛ እርምጃ ነው። ለሁለተኛው ግን በችኮላ እንደገና መጫን ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። የጠፋ ፋይል ይዘት ዲስኩ ላይ ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ድረስ ሊቆይ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ አዲስ ጭነት የመመለስ ዕድሉን ያጠባል። ኤስኤስዲ በሚባሉት ዘመናዊ ዲስኮች ላይ ይህ ዕድል ከመነሻውም ጠባብ ነው።

የመጫኛው ፕሮግራም አሠራርና የጉድለቱ መንስኤዎች

በዊንዶውስ ላይ የሚጫኑ በርካታ ፕሮግራሞች “ዊንዶውስ ኢንስታለር” በተባለ አገልግሎት አማካይነት ይስተናገዳሉ። አገልግሎቱ የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደተጫነ ይመዘግባል፤ የፋይሎችን የስሪት ቁጥር ያነጻጽራል፤ ሲጠየቅም ያነሳል። ዋና ማሻሻያ በሚባለው ሂደት አዲሱ ስሪት ይጫናል፣ አሮጌው ይነሳል። ብዙ ጊዜ ጉድለት የሚፈጠረው በእነዚህ ሁለት ተግባራት ቅደም ተከተል ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የታወቀውን የንብረት ርክክብ ማሰብ ይጠቅማል። አዲሱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሥራውን ከመረከቡ በፊት መጋዘኑን ይቃኛል። አንድ ዕቃ እርሱ ሊያመጣ ካሰበው የተሻለ ሆኖ ሲያገኘው “ይህ አለ፣ ማምጣት አያስፈልግም” ብሎ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። ቀጥሎ ነባሩ ኃላፊ በስሙ የተመዘገበውን ንብረት በሙሉ ይዞ ይወጣል። ርክክቡ በወረቀት ላይ ተጠናቋል፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ያ ዕቃ የለም።

ዊንዶውስ ኢንስታለርም ተመሳሳይ ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል። የትኞቹ ፋይሎች እንደሚጫኑ የሚወስነው በሂደቱ መጀመሪያ ላይ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፋይል ከአዲሱ ጥቅል ከፍ ያለ የስሪት ቁጥር ካለው ፋይሉን አይተካውም። ይህ ሕግ አዲስ ፋይል በአሮጌ እንዳይሸፈን የተደነገገ ጠቃሚ ሕግ ነው። ሆኖም ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ አሮጌው ፕሮግራም ሲነሳ ያንኑ ፋይል ይዞት ይሄዳል። ውጤቱም “ተጠናቋል” የሚል መልእክትና የጎደለ ፋይል ነው።

አዲስ ጥቅል ዝቅተኛ የስሪት ቁጥር ያለው ፋይል እንዴት ሊይዝ ይችላል የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። አዘጋጆቹ ችግር የታየበትን አንድ አካል ትተው ወደ ቀድሞው ሲመለሱ፣ የቁጥር አሰጣጡን በአግባቡ ሳይከተሉ ሲቀሩ፣ ወይም ፋይሉ በሌላ ማዘመኛ አስቀድሞ ከፍ ብሎ ሲገኝ ይህ ሊሆን ይችላል። የስሪት ቁጥር የሌላቸው የቅንብር ፋይሎችም ተመሳሳይ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል። ተጠቃሚው ያሻሻለውን የቅንብር ፋይል መጫኛው “ተነክቷል፣ መተው አለበት” ብሎ ያልፈዋል፤ ነባሩ ፕሮግራም ሲነሳ ግን አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት መንስኤዎች በተግባር ይታያሉ።

አንደኛ፣ ፕሮግራሞች የጋራ ፋይል ሲኖራቸው ነው። ሁለት ፕሮግራሞች አንድን ፋይል በጋራ ሲጠቀሙ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ይመዘገባል። ምዝገባው ከተዛባ አንዱ ሲነሳ የሌላውንም ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ላይ ያሉ ፋይሎች ናቸው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ ማሻሻያ ከተጀመረ የተያዙት ፋይሎች የሚተኩት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ሪስታርት እንዲደረግ የቀረበው ጥያቄ ችላ ከተባለ ሂደቱ በከፊል ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። መጫኛው ሂደቱ ሲከሽፍ የጀመረውን ወደነበረበት የሚመልስበት ስልት ቢኖረውም፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሁልጊዜ አይሳካለትም።

አራተኛ፣ ጸረ-ቫይረስ ነው። አዲስ ፋይል በስሕተት አደገኛ ተብሎ ወደ ማቆያ ሊወሰድ ይችላል።

አምስተኛ፣ ቦታ ለማስለቀቅ በሚል የሚደረግ ጽዳት ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ “ኢንስታለር” የሚል ስም ያለው የተደበቀ ፎልደር ይገኛል። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ለመጠገን፣ ለማሻሻልና ለማንሳት የሚያስፈልጉ ፋይሎች የሚቀመጡት በዚህ ነው። ብዙ ቦታ ስለሚይዝ የሚሰርዙት አሉ፤ ጉዳቱ ግን ወራት ቆይቶ በቀጣዩ ማሻሻያ ላይ ይታያል።

ከቀደሙ ክስተቶች የሚገኝ ትምህርት

ችግሩ በአነስተኛ አምራቾች ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማይክሮሶፍት መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የለቀቀው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ፣ በስሪት ቁጥሩ 1809 የተባለው፣ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ የነበሩ ሰነዶችን በመሰረዙ ከአራት ቀናት በኋላ ሥርጭቱ እንዲቆም ተደርጓል። መንስኤው “ኖውን ፎልደር ሪዳይሬክሽን” ከተባለው አሠራር ጋር የተያያዘ ነበር። ተጠቃሚዎች የሰነዶቻቸውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው ሳለ በነባሩ ቦታ ፋይሎች ቀርተው ነበር። ማሻሻያው ነባሩን ፎልደር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ከነይዘቱ አነሳው። ኩባንያው የደረሱት ሪፖርቶች ከጭነቶቹ መካከል ከመቶ አንድ መቶኛ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ማሻሻያው ታርሞ እንደገና የተለቀቀው ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር።

ከዚህ ክስተት ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው፣ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ የሆነ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ምሉዕ ጉዳት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማሻሻያው ለሕዝብ ከመለቀቁ አስቀድሞ በሙከራ ላይ የነበሩ ተጠቃሚዎች የፋይል መጥፋትን ሪፖርት አድርገው የነበረ መሆኑ ነው። ሪፖርቶቹ በብዙ አስተያየቶች መካከል ተውጠው ቀርተዋል። ኩባንያው በኋላ ተጠቃሚዎች የችግሩን ክብደት ጭምር እንዲያመለክቱ የሚያስችል ማሻሻያ በአስተያየት መቀበያው ላይ አክሏል። የተጠቃሚ ጥቆማ ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም በክብደቱ መመዘን እንዳለበት ይህ ያስገነዝባል።

ሌላው ክስተት ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የታየው ነው። የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ጸረ-ቫይረስ ማዘመኛ በድርጅቶች ኮምፒውተሮች ላይ የፕሮግራም አቋራጮችን ከዴስክቶፕና ከስታርት ሜኑ ሰርዟል። ብዙዎች ፕሮግራሞቹ የጠፉ መስሏቸው ነበር። የጠፉት ግን ወደ ፕሮግራሞቹ የሚያመሩት ምልክቶች ብቻ ነበሩ። በመሆኑም ምልክት ጠፋ ማለት ፕሮግራም ጠፋ ማለት አይደለም፤ እንደገና ለመጫን ከመቸኮል በፊት ማጣራት ይገባል።

የአማርኛ ፊደል ጉዳይ

የአማርኛ ተጠቃሚዎችን በተለየ ሁኔታ የሚመለከት ጉድለትም አለ። በዊንዶውስ 7 ላይ አብሮ ይመጣ የነበረው “ኒያላ” የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአማራጭነት የሚጫን ሆኗል። በዚህ የተነሳ በኒያላ የተዘጋጀ ሰነድ በአዲሱ ሲስተም ላይ ሲከፈት የገጽ አደራደሩ ሊዛባ፣ ሠንጠረዡም ሊፈርስ ይችላል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። በሴቲንግስ ውስጥ “ኦፕሽናል ፊቸርስ” የሚለውን በመክፈት “ኢትዮፒክ ሰፕሌመንታል ፎንትስ” የሚለውን መጫን ፎንቱን ይመልሰዋል። ለጭነቱ የኢንተርኔት ግንኙነት ያስፈልጋል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ከመካተቱ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፉ ሰነዶች ሁኔታ ግን ይለያል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ቀደምት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ስብስብ ሆኖ ይታያል። ሰነዱ ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነባር ሰነዶች ያሏቸው ተጠቃሚዎች ከማሻሻያው በፊት የፎንት ፋይሎቹን ጭምር ቢያስቀምጡ፣ አስፈላጊዎቹን ሰነዶችም ወደ ዩኒኮድ ቢቀይሩ ይመከራል።

ፋይል ሲጎድል ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. መልእክቱን መመዝገብ። የጎደለው ፋይል ስም፣ የፕሮግራሙ ስምና ስሪት፣ እንዲሁም ቀኑ በጽሑፍ ወይም በፎቶግራፍ ይያዝ። ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነው።

2. ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ። በይደር የቀሩ የፋይል ለውጦች በዚህ ሊጠናቀቁ ይችላሉ። የጠፋው የራስ ሰነድ ከሆነ ግን ከዚህ ደረጃ በፊት በተራ ቁጥር 6 የተመለከተው ይነበብ።

3. የጸረ-ቫይረሱን ማቆያ መመልከት። ፋይሉ በዚያ ከተገኘና ፕሮግራሙ ከአምራቹ በቀጥታ የተገኘ መሆኑ ከተረጋገጠ መመለስ ይቻላል።

4. ፕሮግራሙን መጠገን። በኮንትሮል ፓነል የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ “ሪፔር” የሚለው አማራጭ ካለ በቅድሚያ ይሞከር። ጥገናው ውጤታማ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አሮጌው ፕሮግራም አስቀድሞ በመነሳቱ መጫኛው በዚህ ጊዜ ሲቃኝ ፋይሉ አለመኖሩን ያያል፣ ይተካዋልም። አማራጩ ከሌለ ፕሮግራሙን አንስቶ እንደገና መጫን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የተከማቸ መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወሰድለት ፕሮግራሙ መነሳት የለበትም።

5. ነጠላ ፋይሎችን ከማይታወቁ ድረ ገጾች አለማውረድ። ለምሳሌ “ቪሲ ራንታይም 140” የሚል ስም ያለው ፋይል ጠፍቷል ከተባለ ትክክለኛው መፍትሔ “ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል” የተባለውን ጥቅል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ወስዶ መጫን ነው። የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ከተጓደሉ “ሲስተም ፋይል ቼከር” የተባለው መሣሪያ ይጠግናቸዋል፤ ይህ መሣሪያ ግን የሌሎች አምራቾችን ፕሮግራሞች አይመለከትም።

6. የጠፋው የራስ ሰነድ ከሆነ መረጋጋት። ወደ ኮምፒውተሩ የተገባው በጊዜያዊ ፕሮፋይል መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከታየ ሰነዶቹ በቦታቸው ሊኖሩ ስለሚችሉ ወጥቶ እንደገና መግባት ወይም ሪስታርት ማድረግ ይገባል፤ በጊዜያዊው ፕሮፋይል ውስጥ የሚቀመጥ አዲስ ሥራ ሲወጡ ስለሚሰረዝ ምንም አይቀመጥበት። ይህ ካልሆነ የ“ዋንድራይቭ” ፎልደር ይታይ፤ ሰነዶች ወደዚያ ተዛውረው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ “ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ” የተባለው ፎልደር ይፈተሽ። ይህ ፎልደር ከማሻሻያው ከአሥር ቀናት በኋላ በራሱ ስለሚሰረዝ ፍለጋው መዘግየት የለበትም። በእነዚህ ካልተገኘ በኮምፒውተሩ መጠቀም ቆሞ ባለሙያ ይማከር።

ከማሻሻያው በፊት

ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ቅድመ ዝግጅት ነው። በዘርፉ የታወቀው መመሪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱን በሌላ ቦታ ማኖር ነው። ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአነስተኛ ነጋዴ ይህ ማለት አንዱ በኮምፒውተር፣ ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ፣ ሦስተኛው በኢሜይል ወይም በክላውድ ማስቀመጫ ማለት ነው። የተወሰደው ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

በተጨማሪም ማሻሻያ ቀነ ገደብ ባለበት ሳምንት ባይጀመር፣ ላፕቶፕ ከቻርጀር ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ሲሞላ፣ ዴስክቶፕ ደግሞ ከኃይል መጠባበቂያ ጋር ተያይዞ ቢከናወን ይመረጣል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና “ቲፒኤም 2.0” የተባለ የደህንነት አካል ስለሚጠይቅ፣ መሥፈርቱን የማያሟላ ኮምፒውተር ላይ በአቋራጭ መንገድ ለመጫን መሞከር አይመከርም።

በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አማካይነት ቅጽ የሚያስሞሉ ተገልጋዮችም ሰነዳቸው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲቀር መተው የለባቸውም። ኮምፒውተሩ ነገ ሊሻሻል፣ ሊጸዳ ወይም ሊቀየር ይችላል። ሥራው እንዳለቀ ፋይሉን በራስ ፍላሽ ወይም ኢሜይል መውሰድ፣ የግል መረጃ የያዘው ቅጂም ከዚያ እንዲሰረዝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከአገልግሎት ሰጪዎች የሚጠበቀው

ኃላፊነቱ በተገልጋዩ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል ዳታ የሚይዙ አካላት ዳታውን ከመጥፋትና ከጉዳት እንዲጠብቁ ግዴታ ይጥላል። ሲስተሙ የተሻሻለው ትናንት መሆኑ የተገልጋዩ ማኅደር ዛሬ ላለመገኘቱ ምላሽ ሊሆን አይችልም። ማሻሻያን በቅድሚያ በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ መሞከር፣ ቀጥሎ በደረጃ ማስፋፋት፣ ከማሻሻያው በፊትና በኋላ የፋይሎችን ቁጥር ማመሳከር፣ የመጫኛውን ዝርዝር መዝገብ ማስቀመጥ የተለመደ ሙያዊ አሠራር ነው። ባለሙያዎች በዚህ መዝገብ ውስጥ “ከፍ ያለ ስሪት ያለው ፋይል በመኖሩ ይህ አካል አይጫንም” የሚል ትርጉም ያለውን መስመር ካገኙ የጉድለቱን ምንጭ አግኝተዋል ማለት ነው።

ተገልጋዩም በበኩሉ በኢንተርኔት ያስገባውን ማመልከቻ የመከታተያ ቁጥርና የክፍያ ማረጋገጫ ቢይዝ፣ በሲስተም ለውጥ ምክንያት መረጃው ቢጓደል በማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል።

ማሻሻያን መተው መፍትሔ አይደለም፤ ያልተሻሻለ ሲስተም ለጥቃት የተጋለጠ ነው። ይሁንና “ተጠናቋል” የሚለው መልእክት የመጫኛው ምስክርነት እንጂ የተጠቃሚው ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫ የሚሆነው ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ ሰነዱ ሲነበብ፣ የቅጂው ልክነትም ሲታይ ነው። ይህ ፍተሻ እስኪጠናቀቅ ድረስ አሮጌውን ቅጂ አለመሰረዝ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነ ጥንቃቄ ነው።